ማሽኑ መሰንቆውን ይከተል፦ ከጣና ዳር የአልበም ሥራ ማስታወሻ

መስከረም 20

ሥራው ዛሬ ተጀምሯል። አልበሙ ስድስት ቁራጭ ይኖረዋል። ጥሬ ዕቃው በሙሉ ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ የሚቀዳ ድምፅ ነው። መሰንቆ፣ ዋሽንት፣ የታንኳ ቀዘፋ፣ የቡና ሙቀጫ፣ ወፍ፣ ጉማሬ፣ ባጃጅ፣ ውኃ ከላይም ከሥርም። እኔ የምጨምርበት ባስና ትንሽ ሲንተሳይዘር ነው። የምቀዳውም፣ ፕሮዲውስ የማደርገውም፣ የማሳትመውም እኔው ነኝ።

ማስታወሻውን የምይዘው ለራሴ ብቻ አይደለም። አንድ ላፕቶፕና ሁለት ማይክ ይዘው በየከተማው ብቻቸውን የሚሠሩ ልጆች አሉ። ይጽፉልኛል። ምን ዓይነት ማይክ ልግዛ? በምን ልኑር? ማን ይሰማኛል? ይሉኛል። በወሬ ከምመልስላቸው እየሠራሁ ብጽፈው ይሻላል።

በምን እንደምኖር ላስቀድም። የሠርግ ቪዲዮ ድምፅ አጠራለሁ። የሬዲዮ ማስታወቂያ እሠራለሁ። ለመዘምራን ሚክስ አደርጋለሁ (የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥናለሁ)። ክረምት ላይ ልጆችን ኪቦርድ አስተምራለሁ። ከዚያ ከሚገኘው ለራሴ ሥራ እቆርጣለሁ። ይህን ሥራ ዝቅ አድርጌ አላየውም። በጄኔሬተር ጩኸት መሀል የሽማግሌ ምርቃት ለይቶ ማውጣት የለመደ ጆሮ ሐይቅ ዳርም ይጠቅማል። ደግሞም የራሴን ቅጂ ለማንም ሳልሸጥ በእጄ ያቆየሁት በሠርግ ገንዘብ ነው።

"ባሕር ዳር ተቀምጠሽ ማን ይሰማሻል?" ለሚሉኝ የኃይሉ መርጊያን ታሪክ እነግራለሁ። የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበሩ። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄዶ ሲጫወት እዚያው ቀሩ። በ1985 አኮርዲዮን፣ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን ይዘው ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀዱ። ከዚያ ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ነዱ። ኪቦርዳቸው ከታክሲው የኋላ ዕቃ መጫኛ አይጠፋም ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመዱበታል። ያንን ካሴት አንድ አሜሪካዊ የካሴት አሳሽ ያገኘው እዚህ ባሕር ዳር ነው። በ2013 እንደገና ታተመ፤ እሳቸውም ወደ መድረክ ተመለሱ። አንድ ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ብቻውን የቀዳው ሥራ ከአሜሪካ ተነሥቶ፣ እኛ ከተማ አርፎ፣ እንደገና ዓለምን ዞረ። እኔን የሚያበረታኝ ይህ ነው።

መስከረም 29

የውኃ ውስጥ ማይክ ሠራሁ። ተገዝቶ ከውጭ የሚመጣው ውድ ነው። ቤት የሚሠራው ግን ከፒዞ ነው፤ በሚዘፍን የልደት ካርድና በሰዓት ደወል ውስጥ የምትገኘዋ ክብ የነሐስ ቅጠል። ጎበጥ ስትል ኤሌክትሪክ ታመነጫለች። ሽቦውን የስልክ ጠጋኝ ወዳጄ በየደልኝ። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሽቦው ዙሪያውን መከለያ ያለው የማይክ ገመድ ይሁን፤ ያለዚያ የመብራቱን 50 ኸርዝ እምም ሁሉ ይለቅማል። ሁለተኛ፣ ፒዞውን ወደ ተራ ማይክ ግቤት አታስገቡት። ባሱን ይበላዋል። ለጊታር የተሠራው ግቤት ይስማማዋል። ውኃ እንዳይገባው ሙሉውን በሲሊኮን ሸፈንኩት። ማታውን በባልዲ ውኃ ሞከርኩ፤ የጣት ጫፍ ባልዲውን ስትነካ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ጥቅምት 4

ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል፣ ከንጋት በፊት። ሰዓቱን የመረጥኩት በንፋሱ ምክንያት ነው። ጣና ላይ ከረፋድ በኋላ ንፋስ ይነሣል፤ ከሰዓት ማዕበሉ ከበድ ይላል። ጀልባ ነጂዎች ሁሉ ጠዋት መሻገር የሚወዱት ለዚህ ነው። ጎሕ ሲቀድ ግን ውኃው ይረጋል። የረጋ ውኃ ድምፅን አይውጥም፤ እየመለሰ ያሳልፈዋል። ከማዶ ያለ ሰው ሲያስል አጠገብህ ያለ ይመስላል።

አሁን ስለ ንፋስ ትንሽ ልበል፤ ሁሉም የሚጠይቀኝ እሱን ነውና። ብዙ ልጆች ማይካቸው ላይ ያለችውን ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ የምትቆርጥ መቀየሪያ ይጫኑና ይገላገላሉ። ለቃለ መጠይቅ ደግ ነው። እዚህ ግን ጉማሬ አለ። የጉማሬ ድምፅ ክብደቱ ያለው እዚያው ሥር ነው። ንፋሱን ስትቆርጠው ጉማሬውንም ቆረጥከው። ስለዚህ ንፋሱን በማሽን ሳይሆን በጨርቅ ማስቀረት ይሻላል። ማይኩን በስፖንጅ፣ ስፖንጁን ፀጉሩ ረዘም ባለ ጨርቅ ሸፈንኩ። ራሴም በንፋሱ በኩል ቁጭ አልኩ። የተረፈውን ቤት ገብቼ፣ በጆሮዬ እየሰማሁ፣ የሚያስፈልገው ቦታ ላይ ብቻ አወጣለሁ።

ጉማሬ በአየርና በውኃ ውስጥ በአንድ ጊዜ ድምፁን ያሰማል። አንዱን ማይክ ከላይ፣ ፒዞውን ከሥር አድርጌ ሁለቱንም ያዝኩ። ድምፅ በአየር በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በውኃ ከ1,400 ሜትር በላይ። ስለዚህ ያው አንድ ጩኸት ከሥር ቀድሞ፣ ከላይ ዘግይቶ ይደርሳል። ሁለቱ ትራኮች ጎን ለጎን ሲታዩ ክፍተቷ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ብዙ ሰው ይህን ክፍተት በማሽን ገፍቶ ያስተካክለዋል። እኔ አልነካውም። ጉማሬው ምን ያህል እንደራቀ የምትናገረው እሷ ናትና።

ማስጠንቀቂያ ለሚሞክሩ፦ ጉማሬ ሰው ይገድላል። ቦታውን የሚያውቅ ቀዛፊ ሳትይዙ፣ ርቀት ሳትጠብቁ አትሞክሩት።

ጥቅምት 5

ፒዞውን ደንገል መሀል አወረድኩት። ከላይ ዝም ያለ ቦታ ነው። ከሥር ግን ገበያ ነው። ጥቃቅን የውኃ ነፍሳት እግራቸውን እያፋተጉ ይጠራራሉ፤ ተልባ ሲቆላ እንዳለው ጠ-ጠ-ጠ ይላል። የጀልባ ሞተር ደግሞ ጀልባው ሳይታይ ገና ከሩቅ ይሰማል። ሞተሩ በመጣ ቁጥር ነፍሳቱ ይዋጣሉ፤ ሲያልፍ ይመለሳሉ። ሁለተኛው ቁራጭ ከዚህ ይወጣል። ሞተሩን አላጠፋውም። የዛሬው ጣና ድምፅ ሞተር አለበት።

ጥቅምት 17

ታንኳ። ከወይጦ ማኅበረሰብ የሆኑ አንድ አባት ጓሯቸው ውስጥ ታንኳ ሲሠሩ ለመቅዳት ፈቀዱልኝ። ደንገሉ ደርቆ ሲታሠርና ሲረገጥ ድምፁ ወፍራም ነው። የሚያሥሩትም በዚያው በደንገል ነው። ምስማር የለም፣ ማሽን የለም። ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዕድሜው በወራት ይቆጠራል፤ ስለዚህ ይህ ድምፅ በጣና ዳር የማያቋርጥ ድምፅ ነው። ደንገሉ እየተመናመነ፣ የፋይበር ጀልባው እየበዛ ሲሄድ ግን እንዲህ ላይቀጥል ይችላል።

ለድምፃቸው ከፈልኳቸው። "ለዚች ለኮሽታዋ ነው ምትከፍይኝ?" አሉ ገርሟቸው። አዎ አልኳቸው፤ ሰው ሥራውን ሲሠራ የሚያወጣው ድምፅ የሥራው ክፍል ነው። የአልበሙ ጀርባ ላይ ስማቸው ከሙዚቀኞቹ እኩል ይጻፋል።

ጥቅምት 25

ዛሬ ለአልበሙ ከሁሉ በላይ የሆነው ቀን ነው። የመሰንቆ ተጫዋቹ ጋሼ መጡ። ብዙ ስለምጽፍ ታገሡኝ።

ክፍሉን ከትናንት ጀምሬ ነው ያዘጋጀሁት። ግድግዳው ላይ ፍራሽና ጋቢ ሰቀልኩ። ጋቢ ቀጭኑን ድምፅ ይይዛል፤ ባሱን አይዝም። ስለዚህ ክፍሉ ጥግ ላይ የተጠቀለለ ወፍራም ፍራሽ አቆምኩ። የጎረቤቴን ፍሪጅ ለሁለት ሰዓት እንዲያጠፉልኝ ለመንኩ። መብራት ቢጠፋ ሥራው እንዳይቆም ሁሉንም ነገር በባትሪ አደረግሁት። በባትሪ ስትቀዳ እምምታውም ይቀንሳል፤ መብራት ባይጠፋም እመክረዋለሁ።

መሰንቆ የፈረስ ጭራ ነው፤ ብዙ ፀጉር፣ አንድ ጅማት። ሳጥኑ በቆዳ የተወጠረ ነው። በሐይቁ እርጥበት ቆዳው ይላላል፤ ድምፁ ይደፈናል። ጋሼ እንደገቡ መጀመሪያ ያደረጉት መሰንቆዋን ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ነበር። እስክትሞቅ ቡና ጠጣን።

አንዱን ማይክ ከቆዳው ፊት ስንዝር ተኩል ራቅ አድርጌ፣ ትንሽ ወደ ጎን አዞርኩት። ፊት ለፊት ሲሆን የደጋኑ ፉጨት ይበዛል። ሁለተኛውን ለድምፃቸው። ሁለቱ ማይኮች እርስ በርስ የሚኖራቸው ርቀት፣ እያንዳንዱ ከሚቀዳው ነገር ካለው ርቀት ሦስት እጥፍ ቢሆን ድምፆቹ አይጣሉም። አዝማሪ ግን እየዘፈነ ነው የሚጫወተው፤ አፉና መሰንቆው ቅርብ ናቸው። ሕጉ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ለየብቻ እንቅዳ ማለት ይቻል ነበር። አላልኩም። ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም።

ከዚያ እንደ ልማዴ ምት የሚቆጥረውን የሜትሮኖሙን ድምፅ በሄድፎን ሰጠኋቸው። ጥቂት ሰምተው አወለቁት።

"ልጄ፣ ይቺ ምትቆጥረዋ ናት ከኔ ጋር ምትሄደው፣ ወይስ እኔ ነኝ ከሷ ጋር ምሄደው?"

"እርስዎ ከሷ ጋር ነበር ጋሼ።"

"ሰው ሲጨፍር ታይው የለ? ትከሻው ሲሞቅ እኔም እፈጥናለሁ። ሲደክመው እጠብቀዋለሁ። ይቺ ማንን ነው ምትጠብቀው?"

አጠፋሁት። ይህ አልበም መልኩን የያዘው በዚያች ደቂቃ ነው። አብዛኛው ዘመናዊ ሙዚቃችን የሚሠራው ማሽኑ አስቀድሞ መንገዱን አስምሮ፣ ተጫዋቹ በዚያ ላይ እንዲሄድ ተደርጎ ነው። ፍጥነቱ የማሽን፣ ቅኝቱ የማሽን፣ ርዝመቱ የማሽን። ተጫዋቹ የሚሰጠው ቀለም ብቻ ይሆናል። እኔ በዚህ ሥራ የምፈልገው ተቃራኒውን ነው። ጋሼ ይጫወቱ፤ ኮምፒውተሩ ይከተል።

የእጅ አዋቂ አዝማሪን ክፍል ውስጥ ብቻውን አስቀምጦ መቅዳት ሌላ ችግር አለበት። ሰሚ ይፈልጋል። ጎረቤቶቼን ጠራሁ። አንዷ እትዬ ወዲያው "ተቀበል!" ብለው ስንኝ ሰጧቸው፦

ጣና ዳር ተቀምጬ ውኃ ጠማኝ ብዬ
አላፊ አግዳሚው ሳቀብኝ ሆድዬ

ጋሼ ተቀብለው አዞሩት፣ ደገሙት፣ በመጨረሻ መሰንቆዋን ብቻዋን አስለቀሷት። ክፍሉ ሌላ ሆነ። ያቺ ቅጂ ሦስተኛው ቁራጭ ናት። የእትዬን "ተቀበል" አልቆርጠውም።

ጥቅምት 26

የስንኙ ባለቤት ማን ነው? ሌሊቱን ሳስበው ነው ያደርኩት። አዝማሪ ቤት ውስጥ ማንም አይጠይቅም። አልበም ላይ ግን ገንዘብ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግጥም ለደረሰው ሰው መብት ይሰጣል፤ ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት። ተጫዋቹ በቅጂው ላይ፣ ቀጂው ደግሞ በሠራው የድምፅ ቅጂ ላይ ለየራሳቸው 50 ዓመት የሚቆይ መብት አላቸው። አንድ አልበም ማለት እንግዲህ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ባለቤት ነው። እትዬ አንዷ ናቸው። ስነግራቸው ሣቁ፤ "በስንኝ ደሞ ይከፈላል?" አሉ። ይከፈላል።

ኅዳር 12

ዘጌ። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከውኃው ወጥተህ ቡናው ጫካ ውስጥ ስትገባ ድምፁ ሁሉ ይለወጣል። የሐይቁ ክፍትነት ይቀርና ቅጠሉ ያፍንሃል። ጦጣዎቹ ከላይ ይዘላሉ። የቡና ለቀማው ጊዜ ስለሆነ ደጃፉ ሁሉ የሚደርቅ ቡና ነው።

አንዲት እናት ቡና ሲወቅጡ ቀዳሁ። የሙቀጫው ምት ከመሰንቆው ጋር ሊሄድ ይችላል ብዬ ነበር የመጣሁት። ከሚጠበቀው በላይ ነው። ሲወቅጡ ምቱን አልፎ አልፎ በዘነዘናው ጎን ከንፈሩን እየነኩ ያጅቡታል። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። "እንዲወርድ ነው፤ ቡናው ዳር ላይ ይቀራላ" አሉኝ። ከበሮዬ እሱ ይሆናል።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግቢ የድንጋይ ደወሎች አሉ። ረጃጅም ጠፍጣፋ ድንጋዮች ናቸው፤ ተሰቅለው በሌላ ድንጋይ ይመታሉ። አንዱ ድንጋይ አንድ ኖታ ብቻ አይደለም የሚሰጠው፤ የት ላይ እንደተመታ ይለያያል። አባቶችን አስፈቅጄ፣ ለአገልግሎት በተመታበት ሰዓት ብቻ፣ ከርቀት ቀዳሁ። ለኔ ሲባል እንዲመታ አልጠየቅሁም።

ስለ ማኅሌት የወሰንኩትን እዚህ ልጻፈው። ጣና ላይ ሆኖ ስለ ድምፅ ማሰብ ስለ ቅዱስ ያሬድ ማሰብ ነው። በትውፊት ጣና ቂርቆስ ተቀምጦ እንዳገለገለ ይነገራል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ፣ መቋሚያው፣ ጸናጽሉ፣ ከበሮው፣ ሁሉም በዚህ ሐይቅ ደሴቶች ሲሰሙ የኖሩ ናቸው። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባበትም፤ ጠዋት በጀልባ ሳልፍ ግን ዜማው በውኃው ላይ ይደርሰኛል። መቅጃው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። አንድ የኔታን ስለዚህ ጠይቄያቸው ነበር። "ዜማው ጸሎት ነው፤ ሲቆረጥ ጸሎቱ ይቆረጣል" አሉኝ። ብዙ ፕሮዲውሰሮች የማኅሌት ቁራጭ ከቢት ሥር ያደርጋሉ፤ ያምራል። እኔ ግን ሙሉውን በሥርዓቱ ካልሆነ አላስገባም። በዚህ አልበም ውስጥ ማኅሌት የለም።

ታኅሣሥ 8

ቅኝት። ጋሼ የተጫወቱት ትዝታ ነው። በኪቦርድ ሲጻፍ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይባላል። ኪቦርዱ ግን አንዱን ስምንዮሽ (ከዶ እስከ ላይኛው ዶ) 12 እኩል ቦታ ይከፍላል፤ እያንዳንዱ 100 ሴንት፣ ሴንት የድምፅ ርቀት መለኪያ ነው። ከዶ እስከ ሚ 400 ሴንት ነው፣ አለቀ። የጋሼ ሦስተኛ ድምፅ እዚያ አይቆምም። ከዚያ ዝቅ ይላል። ወደ ላይ ሲወጡና ሲወርዱም አንድ ቦታ አይደለም። መሰንቆ ክፍልፋይ የለውም፤ ጣቱ ባረፈበት ነው።

ሲንተሳይዘሩን ዝም ብዬ ብጨምረው የሚሰማው ጋሼ እንደተሳሳቱ ነው። ያልተስተካከለው መሰንቆው ይመስላል። አንዳንድ ስቱዲዮ እዚህ ላይ የተጫዋቹን ድምፅ በፕሮግራም ስቦ ኪቦርዱ ላይ ያስቀምጠዋል። ለጆሮ ይጠራል። ትዝታው ግን ይወጣል።

እኔ የሄድኩበት መንገድ ይህ ነው። የጋሼን ቅጂ እያንዳንዱን ረጅም ድምፅ በፕሮግራም ለካሁ። ከዚያ የሲንቱን እያንዳንዱን ኖታ በሴንት ዝቅና ከፍ አድርጌ ወደ እሳቸው አመጣሁት። የምጠቀመው ሪፐር የሚባለውን የሙዚቃ መቅጃ ፕሮግራም ነው፤ ለግል ሥራ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው፣ ለጀማሪ የሚሆን ሌላ እንዲህ ያለ አላገኘሁም። ሦስተኛው ድምፅ ላይ ጋሼ የሚንሸራተቱበት ቦታ ሲሆን ደግሞ ሲንቱን ጭራሽ አስወጣሁት። ዶና ሶልን ብቻ ይያዝ። መሀሉ የመሰንቆው ነው።

ፍጥነቱንም እንዲሁ። የጋሼን ምት አንድ በአንድ በእጅ ምልክት አደረግሁ፤ የፕሮግራሙን የፍጥነት መስመር በምልክቶቹ ላይ አጠፍኩት። አሁን እሳቸው ሲሞቁ ባሱ ይፈጥናል፣ ሲጠብቁ ይጠብቃል። አድካሚ ነው። አንድ ሳምንት ያህል ሌላ ነገር አልነካሁም። ግን የዘጌው ሙቀጫ በላዩ ሲገባ፣ ሦስቱም አንድ ቤት ያደጉ ይመስላሉ።

ጥር

ሠርግ። ጥምቀት። ሠርግ። ለአልበሙ ምንም አልሠራሁም። አዲስ ሃርድ ዲስክ ገዛሁ፤ ሁሉም ቅጂ አሁን ሁለት ቦታ አለ፣ አንዱ እኅቴ ቤት።

የካቲት 6

ውል። ከመቅዳቴ በፊት ከሁሉም ጋር በቃል ተስማምተን፣ ዋናዋን ነጥብ በአንድ ገጽ ጽፈን ነበር። አሁን ሙሉውን በግልጽ አማርኛ ጻፍኩት። ለጋሼ ልጃቸው ባለበት ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሐሳቡ ይህ ነው። የመጡበት ቀን ክፍያ የራሱ ነው፤ አይመለስም፣ ከድርሻ አይቀነስም። ከቁራጩ ከሚገኘው ገቢ የማሳተሚያ ወጪ ከተነሣ በኋላ ግማሹ የሳቸው ነው። እትዬ ከስንኙ ድርሻ አላቸው። ቅጂውን ቆርጬ ለሌላ ሰው፣ ለማስታወቂያ ወይም ለፊልም መስጠት የምችለው ጠይቄያቸው ሲፈቅዱ ብቻ ነው። ገንዘቡ በቴሌብር በየስድስት ወሩ ይገባል፤ ባይገባም "ምንም አልገባም" የሚል መልእክት ይደርሳቸዋል።

የመጨረሻዋን ነጥብ ያስጨመሩት ጋሼ ናቸው። ወጣት ሳሉ ካሴት ቀድተው ነበር። ገንዘቡ መቅረቱ ብቻ አይደለም፣ ወሬ መቅረቱ እስከ ዛሬ ያንገበግባቸዋል። "ተሸጠ፣ አልተሸጠም ያለኝ የለም" አሉ። ስለዚህ መልእክቷ በውሉ ውስጥ ገባች፣ ከገንዘቡ አንቀጽ በላይ አስቀመጥኳት።

የካቲት 21

ሚክስ። የማዳምጥባቸው ቦታዎች፦ ስፒከሬ፣ ርካሽ ሄድፎን፣ ስልክ፣ ባጃጅ። የስልክ ስፒከር የጉማሬውን ድምፅ ጨርሶ አያወጣውም። ስለዚህ ከጉማሬው በላይ ያለችውን የትንፋሽ ድምፅ ትንሽ ከፍ አደረግሁ፤ በስልክ የሚሰማ ሰው ጉማሬው መኖሩን እንዲያውቅ። ባሱን ግን በስልክ እንዲሰማ ብዬ አላወፈርኩትም።

ብዙዎች ዝቅ ያለውን ድምፅ ከከፍተኛው ጋር አስጠግተው ይጨምቁታል፣ ሁሉም እንዲጮኽ። እኔ አልጨምቅም። ትልልቆቹ የሙዚቃ መተግበሪያዎች ከፍ ያለውን እያወረዱ ያስተካክላሉ፤ ስፖቲፋይ ከዜሮ በታች ወደ 14 ሉፍስ (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ያመጣዋል። ጨምቀህ ብትልከውም እዚያ ሲደርስ ይወርዳል፤ የሚተርፍህ ጭምቁ ብቻ ነው። ሁለተኛው ቁራጭ ላይ ሞተሩ ሲመጣና ነፍሳቱ ሲመለሱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ልዩነቱ ራሱ ሙዚቃው ነው። አቆየሁት።

መጋቢት 3

ጋሼ ሦስተኛውን ቁራጭ ሰሙ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሰሙት። ሲንቱ ሲገባ ቀና ብለው "ይቺ ማን ናት?" አሉ። ማሽኑ ነው አልኳቸው። "ታዲያ ታውቀኛለችሳ!" አሉ። ከዚያ አንድ እርማት ሰጡ። መጨረሻው ላይ መሰንቆዋ ብቻዋን በምትቀርበት ቦታ ባሱ አራት ምት ቀድሞ ይውጣ አሉ። ልክ ናቸው። አወጣሁት።

መጋቢት 11

የማውጣት ሥራ፣ በአጭሩ። ለእያንዳንዱ ቁራጭ 12 ፊደልና ቁጥር ያለው ዓለም አቀፍ የቅጂ መለያ ተሰጠ። የሁሉንም ሰው ስም በግዕዝ ፊደልም በላቲንም ጻፍኩ። በላቲን አንዱን አጻጻፍ ምረጡና እሱን ብቻ ተጠቀሙ፤ ስሙ በተለያየ ፊደል ከተጻፈ መተግበሪያው ሁለት ሰው አድርጎ ይቆጥረውና ገቢውም ስሙም ይበተናል። ታንኳ ሠሪውም፣ ቡና የወቀጡት እናትም፣ እትዬም፣ ቀዛፊውም ስማቸው አለ። እዚህ ከተማ ላሉ ሰዎች ደግሞ በፍላሽ እሸጣለሁ፤ ጋሼ በሚጫወቱበት ቤትም ይቀመጣል።

አምስቱ በሚያዝያ ይወጣሉ። ስድስተኛው ይቆያል። ስድስተኛው ጢስ ዓባይ ነው፤ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። ፏፏቴው አሁን በበጋው በጣም ቀጭን ነው። ከሐይቁ መውጫ ላይ በጨራ ጨራ ግድብ ውኃው ይገደባል፣ ከፏፏቴው በላይ ለኃይል ማመንጫው ይጠለፋል፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ከሐይቁ ሌላ ድርሻውን ይወስዳል። መብራቱ ያስፈልገናል፤ እኔም የምቀዳው በሱ ነው። ግን የጢስ ዓባይ ሙሉ ድምፅ የሚሰማው ክረምቱ ሲገፋ ነሐሴና መስከረም ላይ ነው። ቀጭኑን ቀድቶ በማሽን ማወፈር ይቻላል። እሱን አላደርገውም፤ ውኃው እስኪመጣ እጠብቃለሁ።

እስከዚያ የሚሠራ አለ። ፏፏቴው ፊት ለፊት ጉሙ ማይክ ያበሰብሳል፤ ሁለት ድርብ ሽፋን እንዲሰፋልኝ ለልብስ ሰፊ ሰጥቻለሁ። በዚህ ቁራጭ የሚጫወተው ዋሽንት ተጫዋች እረኛ ነው፤ በነሐሴ ከብቱን ለማን እንደሚተው ከቤተሰቡ ጋር እየተነጋገረ ነው። የሱንም ውል ጽፌ ጨርሻለሁ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ከአባቱ ጋር እናነበዋለን።